በሳምንት 60 ብር የተከራየሁት መልስ

ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲገቡ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈው የግንባታ ዕቃ መሸጫው ጋ ሳይደርሱ፣ አረንጓዴ የላሜራ በር ያለው ጠባብ ቤት ያገኛሉ። ስም የለውም። ካርቶን ላይ «መጽሐፍ እናከራያለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን» ተብሎ በማርከር ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ወፍጮው ሲነሳ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። የጤፍ ዱቄት በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ታች ያሉትን መጻሕፍት ያነጣቸዋል። ልጁ በየጠዋቱ በጨርቅ ያራግፋቸዋል፤ ቀትር ላይ መልሰው ይነጣሉ።

ስለዚህ ቤት የምጽፈው በአካባቢያችን እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ ቤት ስለማላውቅ ነው። ከዚያም በላይ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዤው የኖርኩትን ጥያቄ የሚመልስ መጽሐፍ ያገኘሁት እዚህ ነው። እኔ 34 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሰኝ ከከተማው መሐል ወደዚህ መጣሁ። ቤት በማግኘቴ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ፤ የራቀኝ ነገር ቢኖር መጽሐፍ ነው። ከዚህ ተነስቶ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ለመድረስ ቃሊቲ ላይ ወርዶ ሌላ ታክሲ መያዝ፣ ከዚያም ሌላ መያዝ አለ። የደረስኩ ቀን ወገቤ አላስቀምጥ ይለኛል፤ የመመለሻው ሰልፍ ደግሞ ገና ነው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ያምራል ይሉኛል፤ ያው አራት ኪሎ ነው። እዚህ ዳር ላለነው፣ በእግር አሥር ደቂቃ ላይ መጽሐፍ የሚገኝበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ ዳር የኖረ ያውቀዋል።

ልጁ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀድሞ መጽሐፍ አዟሪ ነበር። ክንዱ ላይ ሃያ፣ ሃያ አምስት መጽሐፍ ደርድሮ ከፒያሳ አራት ኪሎ ካፌ ለካፌ ሲዞር ኖሯል። መጽሐፍን በክንዱ ክብደት የሚያውቅ ሰው እንደ ባለሱቅ አይደለም፤ ምን እንደሚያነቡ ሁለት ጊዜ ካየ ሦስተኛው ቀን ራሱ መርጦ ይጠብቅዎታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ደብተር ላይ ስም፣ ስልክ፣ ብሎክና የቤት ቁጥር ይመዘገባል። ለአማርኛ መጽሐፍ 300 ብር፣ ለእንግሊዝኛ 500 ብር መያዣ ይቀመጣል። ኪራዩ በሳምንት ለአማርኛው 40፣ ለእንግሊዝኛው 60 ብር ነው። በቴሌብርም ይቀበላል። ቀን ካሳለፉ በቀን 10 ብር ይጨምራሉ፤ ግን ቀኑ ሳይደርስ ደውሎ ያስታውሳል። እኔን አንድ ጊዜ ታምሜ አምስት ቀን ባሳልፍ ቅጣቱን አልተቀበለኝም፤ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ።

ባለፈው ጾም መግቢያ ላይ ነው፣ «ቲቸር፣ ይሄን እርስዎ ካላነበቡት ማንም አያነበውም» ብሎ በስፓይራል የተጠረዘ ወፍራም ፎቶ ኮፒ ያወጣልኝ። የቴዳ ስኮችፖል «ስቴትስ ኤንድ ሶሻል ሪቮሉሽንስ» ነው፤ መንግሥታትና ማኅበራዊ አብዮቶች እንደማለት። ስኮችፖል በ1947 እ.ኤ.አ. የተወለደች አሜሪካዊት የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ናት። መጽሐፉ የወጣው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፈረንሳይን፣ የሩሲያንና የቻይናን አብዮት ጎን ለጎን አስቀምጦ አብዮት ለምን ይመጣል ብሎ ይጠይቃል። ስሟን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሰምቼ ነበር፤ መጽሐፏን በእጄ ይዤ አላውቅም።

ጥያቄዬን ልንገራችሁ። በ1984 ዓ.ም. አሥራ አንደኛ ክፍል ሳስተምር፣ የ1966ቱን አብዮት መንስኤ ሰሌዳ ላይ ዘርዝሬ ጨረስኩ። ጭሰኝነት፣ ረኃብ፣ የሹማምንት ግፍ፣ የትምህርት ዕጦት፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ከአያቶቻችን ጀምሮ ከነበረ ለምን በ1966 ሆነ? ለምን በ1956 አልሆነም?» አለችኝ። «ግፉ ሞልቶ ፈሰሰ» አልኳት። ልጅቷ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ እንዳላረካኋት ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ በኋላ ያንን ትምህርት ባስተማርኩ ቁጥር «ሞልቶ ፈሰሰ» የምትለው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይል ነበር።

ስኮችፖል የምትለው በአጭሩ ይህ ነው። ግፍና ብሶት ሁልጊዜ አለ፤ አብዮት ግን ሁልጊዜ የለም። ስለዚህ ብሶት ብቻውን መንስኤ ሊሆን አይችልም። መታየት ያለበት መንግሥት ራሱ ነው። እዚህ ላይ በአማርኛችን አንድ እንቅፋት አለ። እኛ «መንግሥት» ስንል ንጉሡም፣ ሹሙም፣ አገሩም፣ ቢሮውም አንድ ላይ ይመጡብናል፤ ቃሉ ራሱ ከንግሥና የወጣ ነው። እሷ የምትለው መንግሥት ሌላ ነው፤ ግብር የሚሰበስበው፣ ጸሐፊው፣ ፖሊሱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጦሩ፣ በአንድ ላይ ተያይዘው የሚቆሙበት ድርጅት ነው። ገዢው ሊጠላ ይችላል፤ ድርጅቱ እስከቆመ ድረስ ግን ይገዛል። አብዮት የሚመጣው ያ ድርጅት ከውስጥ ሲፈርስ ነው። የሚያፈርሰው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፤ ጦርነት፣ ዕዳ፣ ከበረቱ አገሮች ጋር የሚደረግ ፉክክር። ያን ጊዜ ገበሬው በየመንደሩ የራሱ የመሰባሰቢያ መንገድ ካለው ይነሳል፤ ሥርዓቱም ከታችም ከላይም ይናዳል። ሦስቱ አንድ ላይ መግጠም አለባቸው። ዌንዴል ፊሊፕስ የተባለ የባርነት ተቃዋሚ የተናገረውን ትጠቅሳለች፦ አብዮት አይሠራም፣ ይመጣል።

የፈረንሳይን ክፍል ሳነብ የገረመኝ፣ ለዓመታት ያስተማርኩትን ያንኑ ታሪክ በሌላ በኩል አዙራ ማሳየቷ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የምጀምርላቸው ከዳቦ መወደድ ነበር። እሷ የምትጀምረው ከንጉሡ ካዝና ነው። የፈረንሳይ ዘውድ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ፣ አሜሪካኖችንም ለነጻነታቸው ሲረዳ በዕዳ ተዘፈቀ። ዕዳውን ለመክፈል መኳንንቱን ግብር ማስከፈል ነበረበት፤ መኳንንቱ ደግሞ እምቢ የሚሉበት ሕጋዊ ቦታ በመንግሥቱ ውስጥ ነበራቸው። ተጨናንቆ በ1789 እ.ኤ.አ. ከጥንት የቆየውን የካህናት፣ የመኳንንትና የሕዝብ ተወካዮች ጉባዔ ጠራ፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚያዝዝ ጠፋ። ገበሬው ባላባቱን የሚጠላው ከጥንት ነው፤ የተነሳው ግን የሚያስቆመው እንደሌለ ያየ ዕለት ነው። ሩሲያም እንዲሁ ናት። በ1905 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ተነስቶ ነበር። ዛሩ ግን ከጃፓን ጋር ታረቀና ጦሩን መልሶ ሁሉንም ደፈጠጠ። በ1917 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስላላለቀ የሚመለስ ጦር አልነበረም፤ ጦሩ ራሱ ተበተነ። ያው ዛር፣ ያው ጭቆና፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ፍጻሜ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም የእኛ 1953 እና 1966 ፊቴ መጡ።

በ1953 ታህሳስ ላይ ንጉሡ ብራዚል ሳሉ ክቡር ዘበኛ ተነሳ። ምድር ጦርና አየር ኃይል ግን ከንጉሡ ጋር ቆሙ፤ በጥቂት ቀን አለቀ። የባሌ ገበሬ ከ1955 አካባቢ ጀምሮ ለዓመታት ተዋጋ። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት እምቢ ብሎ ተነሳ። ጎጃም ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻም መንግሥት ከግብሩ ላይ እየተመለሰ አበረደው። ብሶቱ በ1960 ከ1966ቱ ያነሰ ነበር የሚለኝ ካለ እኔ አልቀበለውም፤ ጠመንጃ ያነሳ ሰው ብሶቱ ሞልቷል። መንግሥቱ ግን ሙሉ ነበር። የሚልከው ጦር ነበረው፤ ጦሩም ይታዘዝ ነበር።

በ1966 ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች የውሃና የምግብ ችግር አንገፍግፏቸው አዛዦቻቸውን ያዙ። ሊያነጋግራቸው ከአዲስ አበባ የተላከውን ጄኔራልም ያዙት፤ የሚበሉትን አበሉት። አልተቀጡም። የካቲት ላይ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ተከተለ፤ ከዚያም አሥመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር። ዓረቦችና እስራኤል ከተዋጉ በኋላ ነዳጅ ተወድዶ ስለነበር የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራኑም በዚያው ቀን አድማቸውን ጀመሩ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። የካቲት 28 ሠራተኛው በመላ አገሪቱ ሥራ አቆመ። መንግሥቱ ለሚጮኸው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይሰጥ ነበር፤ ለወታደሩ ደመወዝ ጨመረ፣ ነዳጁን ቀነሰ። የሚልከው ጦር ስለሌለው ነበር የሚሰጠው። ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ።

ለዚያች ልጅ አሁን የምመልስላት ይህንን ነው። ውሃው አልጨመረም። እንስራው ተሰነጠቀ።

ግን ይህን ከመጽሐፉ በፊት የነገረኝ ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በ1967 ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ከተላክነው ወደ 60,000 ከምንጠጋው ተማሪዎችና መምህራን አንዷ ነበርኩ። አርሲ ውስጥ ነበር የተመደብኩት። ካኪ ለብሰን፣ በጭቃ ውስጥ በሸራ ጫማ፣ አገር እናቀናለን ብለን የሄድን ልጆች ነበርን። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም ተባለ። እኛም በየመንደሩ እየሄድን ለጭሰኛው አነበብን። እኛ በአማርኛ እናነባለን፤ አንድ የአካባቢው ወጣት ወደ ኦሮምኛ ይመልሳል። እልል ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ፤ በትራቸውን ተደግፈው ጥያቄ ጠየቁ። ልጁ ወደ አማርኛ መለሰልን፦ «ባለመሬቱ ነገ ተመልሶ ቢመጣ ማን ያስቆመዋል?»

አስተባባሪያችን ስለ ፊውዳሊዝም ረጅም ንግግር አደረገ። ሽማግሌው ጨርሶ እስኪናገር ጠብቀው ጥያቄያቸውን ደገሙት። ፖሊሱ የማን ነው? ዳኛው የማን ነው? በእርግጥ ንጉሡ ታስረዋል ወይስ ይመለሳሉ? ያን ዕለት ፈሪ መሰሉኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጭላሎ አካባቢ ትራክተር በገባ ጊዜ ስንቱ ጭሰኛ ከመሬቱ እንደተነቀለ ያዩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን በራሪ ወረቀት ብቻ ነበር ያነበብኩት። ስኮችፖል በመቶ ገጾች የጻፈችውን እኒያ ሽማግሌ በአንድ ጥያቄ አስቀምጠውት ነበር። ገበሬ የሚነሳው ጀርባው ላይ የሚወርድ ዱላ እንደሌለ ሲያረጋግጥ ነው። በሳምንቱ ፖሊሶቹ ከእኛ ጋር ቆመው ባየ ጊዜ ነው መንደሩ የገበሬ ማኅበሩን የመረጠው። ሽማግሌው ሊቀመንበር ሆኑ።

ቤቱ ደጃፍ ላይ የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር ዘርግታለች። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ እንሰበሰባለን፤ ማንም ጠርቶን አይደለም። እኔ ሳምንቱን ያነበብኩትን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ባጃጅ የሚነዳ ወጣት አለ፣ አንዲት ነርስ አለች፣ ደግሞም አምሳ አለቃ አሉ፤ በ1966 ሐረር ወጣት ወታደር የነበሩ። አምሳ አለቃ ስለ ጦሩ መከፋፈል ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ሴትዮ ጦሩ ይበተናል ትላለች እንጂ ከምን ላይ እንደሚጀምር አታውቅም» አሉ። «ከወጥ ነው የሚጀምረው፣ መምህርት። መኮንኑ የሚበላውን ታያለህ፣ የአንተን ታያለህ። ነገሌ የሆነውን በሬዲዮ መገናኛ ሰማን። ጄኔራል ተይዞ ማንም አልተረሸነም። ያን ማታ ሰፈሩ ውስጥ የተኛ ሰው የለም። እኛ አብዮት አላልንም፤ ውሃና ደመወዝ ነው ያልነው።» ባጃጅ ነጂው «ታዲያ አብዮቱን ማን አለው?» ብሎ ጠየቀ። አምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረው «እነሱ» አሉ፤ ተማሪዎቹን ማለታቸው ነው።

እውነት ነው፤ መጽሐፉ የሚጎድለውም እዚህ ላይ ነው። መሬት ላራሹ ብለን ሰልፍ የወጣነው ከ1957 ጀምሮ ነው፤ እኔ በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርኩ፣ ታላላቆቼ ግን ነበሩበት። ጦሩ መንግሥቱን ሲያፈርስ በምን እንደሚተካው የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ቃሉን ያገኘው ከተማሪው ነው። የመሬቱን አዋጅ ያለ ያ የአሥር ዓመት ጩኸት ላስበው አልችልም። ስኮችፖል ሐሳብና እምነት ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅሱ በዚህ መጽሐፏ አሳንሳ ነው የምታየው። ሌላም አለ። እንደ ፈረንሳይና ሩሲያ ገበሬው በራሱ ተነስቶ ሥርዓቱን የናደበት ነገር በ1966 የለም። የእኛ የጀመረው ከጦር ሰፈርና ከከተማ ነው፤ ገበሬው ጋ የደረሰው በኋላ፣ ከላይ ወርዶ ነው። በጦርነት የተሸነፈ መንግሥትም አልነበረም፤ ኤርትራ ውስጥ የሚያደክም ውጊያ፣ የነዳጅ ዋጋ፣ ወሎ ላይ የተደበቀ ረኃብ ነበር እንጂ። ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ የቻይናው ነው፤ ባላባቱ መንደሩን ስለያዘው ገበሬው ብቻውን መነሳት አቅቶት፣ ከውጭ የመጣ የተደራጀ ኃይል ሲገባ የተነሳበት።

የእህቴ ልጅ በስልኩ ፈልጎ እንዳሳየኝ፣ ስኮችፖል ራሷም በኋላ ወደዚህ ጥያቄ ተመልሳለች። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት የኢራን ሻህ ወደቀ። ጦሩ በጦርነት አልተሸነፈም፤ አገሩ በነዳጅ ሀብታም ነው፤ የተነሳው የከተማ ሕዝብ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፈችው ጽሑፍ፣ አንድ አብዮት እንኳ ሆን ተብሎ ተሠርቷል ከተባለ ያ የኢራኑ ነው ብላ ተቀብላለች፤ የሺዓ እምነትና የመስጊዱ ትስስር ሰዉን እንዴት እንዳቆመውም ጽፋለች። አንድ ሊቅ ራሱ የጻፈውን ሕግ የሚያፈርስበት ነገር ሲያጋጥመው ዓይኑን ካልጨፈነ እኔ አከብረዋለሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። አብዮት አይሠራም፣ ይመጣል የሚለውን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። እናቴ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ የውጪውን በር መዝጊያ ማታ ማታ አታስገባም ነበር፤ ቢመጣ ብላ። መንግሥት የሚፈርሰው በዕዳና በጦርነት ነው፤ ይሁን፣ አምናለሁ። ወንድሜን የወሰዱት ሦስት ሰዎች ግን በዕዳ አልመጡም፤ በእግራቸው መጡ። የወንድሜን ስም የጻፈ ሰው ነበር፣ ወረቀቱን የፈረመ ሰው ነበር። የስኮችፖል ትምህርት ደጁ እንዴት እንደተከፈተ ያሳየኛል፤ በደጁ የገባው ሰው ያደረገውን ግን «መጣ» በሚል ቃል ላልፈው አልችልም። ይህን ቅዳሜ ዕለት ስናገር ነርሷ እጄን ያዘችኝ። አምሳ አለቃ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን መጡ።

የመጨረሻው ክፍል ለእኔ የመጽሐፉ ጉልበት ያለበት ነው። ስኮችፖል እንደምትለው አብዮት ያፈረሰውን መንግሥት አጠንክሮ ይሠራዋል። ከፈረንሳይ አብዮት ናፖሌዎንና ያ ሁሉ ሠራዊቱ ወጣ፤ ከሩሲያውና ከቻይናው ከቀደሙት ነገሥታት ይልቅ እያንዳንዱ ቤት የሚገባ መንግሥት ወጣ። እኔ ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገኝም። አባቴ በንጉሡ ዘመን መንግሥትን የሚያየው ግብር ሲከፍልና ፍርድ ቤት ሲሄድ ብቻ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌው ቤታችን ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ያውቅ ነበር። ስኳርና ሳሙና የምንገዛው በኅብረት ሱቅ ካርድ ነው። ስብሰባ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ጊዜ ልጆቼ እላለሁ፣ ተማሪዎቼ፣ ከክፍሌ ተነስተው ሲሄዱ ስም ጠሪዋ እኔ ነበርኩ። ከ1966 በፊት የነበረው መንግሥት ይህን ያህል ወጣት በአንድ ጊዜ ከቤቱ ሊያወጣ አይችልም ነበር፤ እጁ እዚያ ድረስ አይደርስም። ነፃ ሊያወጣን የመጣው እጅ ያን ያህል ረዘመ።

ወደ ቤቱ ልመለስ፤ ቅሬታም አለኝና። የእኔ ፎቶ ኮፒ ከቻይናው ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት ገጽ ይጎድለዋል። በጣም የፈለግሁት ክፍል ስለነበር ተናደድኩ፤ የቻይናውን ሐሳብ የያዝኩት ከመደምደሚያው ምዕራፍ ነው። የግርጌ ማስታወሻዎቹ ደብዝዘው በመነጽርም አይነበቡም። ልጁ ለሌላ ሰው ከማከራየቱ በፊት ገጾቹን መቁጠር ነበረበት፤ ነግሬዋለሁ፣ ሙሉውን ፈልጎ እንደሚተካ ቃል ገብቶልኛል። መብራት ሲጠፋ ውስጡ ጨለማ ነው፤ አንድ የሚሞላ አምፖል ቢያንጠለጥል ምን ይከብደዋል? መደርደሪያው ምንም ተራ የለውም። የልብ ወለድ አጠገብ የጋራዥ መመሪያ ተቀምጧል፤ ልጁ ከሌለና ታናሽ ወንድሙ ካለ ምንም አያገኙም። ዱቄቱ ደግሞ አስም ላለበት ሰው አይሆንም፤ በሩ ላይ ቆመው ቢያስመርጡ ይሻላል። ክረምት ላይ መግቢያው ጭቃ ነው፤ ቦቲ ያስፈልጋል።

የታሪክና የፖለቲካ መጻሕፍቱ ከጠበቅሁት በላይ ናቸው፤ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ። የአማርኛ ልብ ወለድ ሞልቷል። ለልጆች ግን ያለው ጥቂት ነው፤ ያሉትም ተቀዳደዋል። በአካባቢው ያለን ጡረተኛ መምህራን ቤታችን የተቀመጡ የልጆች መጻሕፍት ብንሰጠው አይከፋም፤ እኔ አራት ሰጥቻለሁ፤ የአንድ ሳምንት ኪራይ ማረኝ።

ቤቱ ከሰኞ በስተቀር ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 1፡00 ክፍት ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣ ሰው ወንበር አያጣም። የስኮችፖልን ጥራዝ ሐሙስ ዕለት መለስኩ። ከመመለሴ በፊት ልጁን አስፈቅጄ መጨረሻው ላይ ባለው ባዶ ገጽ ያቺ ልጅ በ1984 የጠየቀችኝን ጥያቄ በእርሳስ ጻፍኩ፤ ከሥሩ የአርሲውን ሽማግሌ ጥያቄ ጻፍኩ። መጽሐፉን ለሚፈልግ፣ አሁን አምሳ አለቃ ዘንድ ነው። እንግሊዝኛውን ሴት ልጃቸው ታነብላቸዋለች፤ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ አስመዝግበውታል።